ሥራ ይከፋፈላል፤ ኀላፊነት ግን አይከፋፈልም

ሰው በማኅበር መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሥራውን ተከፋፍሎ ኖሯል። አንዱ ያርሳል፤ አንዱ ይቀጠቅጣል፤ አንዷ ትፈትላለች፤ ሌላው ይሸምናል። እንዲህ በመሆኑም አንድ ሰው ብቻውን በዕድሜው ሙሉ ደክሞ የማያገኘውን ጥቅም ሁሉም በጥቂት ድካም ያገኘዋል። ዳሩ ግን የሥራ መከፋፈል ጥቅም ብቻ ሳይሆን አንድ የተሰወረ አደጋም አለበት። የተሸመነው ጋቢ ሳስቶ የተገኘ እንደ ሆነ ሸማኔው ፈታይዋን፥ ፈታይዋ የጥጥ ነጋዴውን፥ ነጋዴውም ገበሬውን ይወቅሳል። ሁሉም የየራሱን ድርሻ በሚገባ እንደ ሠራ ይናገራል። ጋቢው ግን ሳስቷል፤ የለበሰውም ሰው ይበርደዋል።

በጋቢ የሆነ እንደ ሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሌላ ይገዛል። ተከፋፍሎ የሚሠራው ሥራ ፍትሕ የሆነ እንደ ሆነ ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ነገር ጥጥ አይደለም፤ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ፖሊስ፥ ዐቃቤ ሕግ፥ ዳኛና የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ሥራቸውን በሕግ ተከፋፍለው ሲሠሩ ኀላፊነቱም አብሮ ይከፋፈላልን? እያንዳንዱ ድርሻውን ፈጽሞ ሳለ አንድ ሰው ቢበደል፥ በዳዩ ማን ነው?

ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ፍትሕ» የሚለው ቃል «ፈትሐ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። ይህ ግሥ ፈረደ ማለት ሲሆን፥ ደግሞም ፈታ፥ ከፈተ ማለት ነው። ለመፍረድና ለመፍታት አንድ ቃል ማገልገሉ በከንቱ አይመስለንም። የወንጀል ነገር ሁሉ ቋጠሮ ነው። የተበደለው በበደሉ፥ የተጠረጠረው በጥርጣሬው፥ ያጠፋውም በጥፋቱ ታስሮ ይመጣል። ፍትሕ ማለት ይህን ቋጠሮ በእውነት መፍታት ነው። መፍታት ሲባልም ሁሉን መልቀቅ ማለት አይደለም። ጥፋተኛው እንኳ ጥፋቱ ተለይቶ፥ ቅጣቱ ተመጥኖ፥ ቀኑ ተቈጥሮ ሲነገረው ካለማወቅ እስራት ይፈታል። ከሁሉ የከፋው እስራት መጨረሻው የማይታወቅ እስራት ነውና።

በቀድሞ ዘመን በሀገራችን ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ወይም የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ ከዳኛው ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ አብረው የሚሄዱበት፥ አብረውም የሚያድሩበት ልማድ ነበረ። ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ደግሞም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ሌብነት ወይም ሌላ ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሥራውን ትቶ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛውም ካልተገኘ ሕዝቡ የጠፋውን ዋጋ በጋራ ይከፍላል። በነዚህ ልማዶች ብዙ ንጹሕ ሰው እንደ ተጐዳ አይካድም። በቁራኛ ያልበደለ ሰው በሰንሰለት ይጐተታል፤ በአፈርሳታም ያልሰረቀ ገበሬ ከጐተራው ይከፍላል። ስለዚህ ይመለሱ የሚል ሰው የለም፤ እኛም አንልም። ነገር ግን ከነጕድለታቸው አንድ እውነት ይዘው ነበር። በቁራኛ የተያያዘ ከሳሽ የከሰሰውን ሰው ሊረሳው አይችልም፤ ርቦት ሲያድር ያያል፥ ሲያስለው ይሰማል። በአፈርሳታ ከተቀመጠውም ሕዝብ መካከል ማንም «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ሊነሣ አይችልም።

በዚያው ዘመን ያዡም፥ ፈራጁም፥ አሳሪውም አንድ የአገር ገዥ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። ገዥው ደግ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ክፉ የሆነ እንደ ሆነ ግን ተበዳዩ ከእርሱ ወደ ማን ይሄዳል? የሥልጣን መከፋፈል የመጣው ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ነው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅነት የተዘጋጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታወጀ፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ1954 ዓ.ም. ተከተለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተያዙ፥ የተከሰሱና የተፈረደባቸውን ሰዎች መብት በየአንቀጹ ለይቶ አሰፈረ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በዚህ ሁሉ ጕዞ ውስጥ የያዘው እንዳይፈርድ፥ የከሰሰው እንዳይቀጣ፥ የፈረደውም እንዳያስር ሆኖ ሥራው በአራት እጅ ተከፈለ። ይህ ታላቅ በጎ ነገር ነው።

ሆኖም ድንበር ባለበት ሁሉ የማንም ያልሆነ ስፍራ አለ። በሁለት ማሳ መካከል ያለውን ወሰን ይህኛውም ገበሬ አያርሰውም፥ ያኛውም አያርሰውም፤ አረሙም የሚበቅለው እዚያ ነው። በፍትሕ ሥራም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ብዙው በደል የሚፈጸመው በፖሊሱ ማሳ ወይም በዳኛው ማሳ ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ወሰን ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ የቀን ሠራተኛ ሱቅ ሰብሮ ሰርቋል ተብሎ ተጠርጥሮ ተያዘ እንበል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው፥ ለጕዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቈጠር፥ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዟል። መርማሪው ፖሊስ በሰዓቱ አቀረበው፤ ግዴታውን ፈጸመ። ምርመራው አላለቀም ብሎ ጊዜ ጠየቀ። ዳኛውም የ1954 ዓ.ም. ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 እንደ ፈቀደው ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ ሰጠ፤ እርሱም ግዴታውን ፈጸመ። ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ ሌላ ቀጠሮ ተጠየቀ፤ ተሰጠም። ቈይቶ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ደረሰ። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 109 ለክስ ማዘጋጃ 15 ቀን ሰጥቶታልና ዐቃቤ ሕጉ በ14ኛው ቀን አነበበው፤ የአንዱ ምስክር ቃል ጕድለት አለበትና በአንቀጽ 38 መሠረት ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ መልሶ ላከው። በሕግ ፊት እርሱንም የሚወቅሰው የለም። በዚህ መካከል ግን መርማሪው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል፤ የተተካውም ሰው መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ያነባል።

ክሱ ቀረበ። የምስክር መጥሪያ ወጣ። መጥሪያውን የሚያደርሰው ሰው በመዝገቡ ላይ የምስክሩን ቀበሌ እንጂ ቤቱንም ስልኩንም አላገኘም፤ መጥሪያው ሳይደርስ ተመለሰ፤ ቀጠሮም ተለወጠ። ከብዙ ወር በኋላ ምስክሩ ተገኝቶ ቢሰማ ሌባው ሌላ ሰው ነበረ። ዳኛው ተከሳሹን በነጻ አሰናበቱት። መፈቻው የተጻፈው ዐርብ ከሰዓት በኋላ ነበረ፤ ማረሚያ ቤት የደረሰው ሰኞ ነው። መዝገቡ ተዘጋ። ማንም ቢመረምረው በየገጹ ፊርማና ማኅተም አለበት፤ የተጣሰ አንቀጽ የለም። ሰውየው ግን ሥራውን አጥቷል፤ የተከራየው ቤት ለሌላ ተሰጥቷል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቀርተዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ ሱቅዋ የተሰበረባት ሴት አለች። የተያዘባት ዕቃ በኤግዚቢትነት ተቀምጦ ሲበላሽ ታያለች። ለቀጠሮ በመጣች ቍጥር ሱቅዋን ዘግታ ትውላለች። በመጨረሻም እውነተኛው ሌባ እንዳልተያዘ ትሰማለች። በሌላ ጊዜ ብትሰረቅ ታመለክታለችን? ለጎረቤትዋስ ምን ትላታለች? «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ብሂል የሕዝባችንን ጠባይ በሚገባ ያሳያል። ሕዝባችን በፍርድ ቢረታ በቅሎውን ያህል ሀብት ለመስጠት አያመነታም፤ ያለ ፍርድ ከሆነ ግን ጭብጦው እንኳ ትቈጨዋለች። እንዲህ ፍርድን የሚወድ ሕዝብ ከፍርድ ደጅ ተስፋ ቈርጦ የተመለሰ እንደ ሆነ የጠፋው አንድ መዝገብ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄያችንን እንመልስ። በዚህ ምሳሌ ውስጥ በዳዩ ማን ነው? ሁሉም «ድርሻዬን ሠርቻለሁ» ይላል። እኛ ግን ይህ መልስ በቂ አይደለም እንላለን፤ ምክንያቱንም እናስረዳለን።

ለፖሊስ ሰውን የመያዝ ሥልጣን የተሰጠው እንዲሁ እንዲይዝ አይደለም፤ የተያዘው ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ እውነቱ እንዲታወቅ ነው። ለዐቃቤ ሕግ የመክሰስ ሥልጣን የተሰጠው ክስ እንዲበዛ አይደለም፤ በማስረጃ የጸና ክስ ፍርድ እንዲያገኝ ነው። ዳኛም የሚቀጣው ለመቅጣት ብሎ አይደለም። የወንጀል ሕጉ በመጀመሪያው አንቀጽ ዓላማውን ሲገልጥ የሕዝብን ሰላምና ደኅንነት ለመጠበቅ፥ ወንጀልን ለመከላከል፥ ያጠፋውም ሰው እንዲታረም መሆኑን ተናግሯል፤ መታረሙም የሚፈጸመው ከችሎት ውጭ፥ በማረሚያ ቤት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሥራ ትርጕሙን የሚያገኘው ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ሥራ ነው። ፍርድ የማያገኝ መያዝ ምክንያት የሌለው መያዝ ነው፤ እርማት የማያስከትል ቅጣትም ግማሽ ቅጣት ነው። የድርሻችን ፍጻሜ ከድርሻችን ውጭ ከሆነ፥ «ከድርሻዬ ውጭ ያለው አይመለከተኝም» ማለት የራስን ሥራ ትርጕም መካድ ይሆናል።

ይህን ስንል አንዱ ስለ ሌላው ጥፋት ይቀጣ ማለታችን አይደለም። በጥፋት መጠየቅ ለየራስ ነው፤ ሕግም ይህን ለይቶ አስቀምጧል። ስለ ፍጻሜው ማሰብ ግን የጋራ ነው። ሥራ እንደ ዳቦ ነው፤ ለአራት ቢቈረስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሩብ ነው። ኀላፊነት ግን እንደ ጧፍ መብራት ነው። ከአንዱ ጧፍ ሌላው ቢለኰስ የመጀመሪያው ብርሃን አይጐድልም፤ አራቱም ሙሉ ሆነው ይበራሉ። «ኀላፊነቴን ለሚቀጥለው አስተላልፌአለሁ» የሚል ሠራተኛ የራሱን ጧፍ አጥፍቶ የሄደ ሰው ነው።

ሕዝባችን ባለጉዳይን ከአንዱ ወደ አንዱ ማመላለስን «ከሐና ወደ ቀያፋ» ይለዋል። ይህ አነጋገር ከወንጌል ታሪክ የተወሰደ ነው፤ ታሪኩም ለያዝነው ነገር ጥልቅ ትምህርት አለው። አንድ ተከሳሽ ከሐና ወደ ቀያፋ፥ ከቀያፋ ወደ ጲላጦስ፥ ከጲላጦስ ወደ ሄሮድስ፥ ከሄሮድስም ተመልሶ ወደ ጲላጦስ በአንድ ሌሊትና በአንድ ጧት ተመላለሰ። ጲላጦስ ወደ ሄሮድስ የላከው «የእርሱ ግዛት ሰው ነው» ብሎ ነው፤ ይህም የሥልጣን ክልልን መጠበቅ ነውና በደንብ ቢታይ ነቀፋ የለበትም። በመጨረሻም ጲላጦስ ውሃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ። እጅ መታጠብ «ድርሻዬን ሠርቻለሁ» ማለት ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ግድም ያህል ይህ ታሪክ ሲነገር ግን ያ ውሃ እጁን አጥርቶለታል የሚል ሰው አልተሰማም።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ሌላ ነገር አለ። ጲላጦስና ሄሮድስ ቀድሞ ባላንጣዎች ነበሩ፤ በዚያን ቀን ግን ወዳጆች እንደ ሆኑ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፏል። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ታረቁ ማለት ነው፤ የታረቁት ግን በንጹሕ ሰው ላይ ነው። እንግዲህ ከሁለት በኩል አደጋ አለ። አንዱ አደጋ እያንዳንዱ እጁን ታጥቦ መለያየቱ ነው። ሁለተኛው አደጋ በተከሳሹ ኪሳራ መወዳጀት ነው።

ስለዚህ ስለ መተባበር የሚናገር ሰው የሚነሣበትን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይገባውም። አንዳንድ የሕግ ዐዋቂዎች «ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ከዳኛ ጋር ከተባበሩ ለተከሳሹ ማን ቀረለት?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ሥልጣኑ የተከፋፈለው አንዱ ሌላውን እንዲመለከት፥ እንዲያርመው፥ አንዳንድ ጊዜም እንዲከለክለው ነው። ዳኛ ለፖሊስ ወዳጅነት ብሎ ደካማ ማስረጃ የሚቀበል ከሆነ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከመውጣቱ በፊት ወደ ነበረው ወደ አንዱ ገዥ በሌላ መንገድ ተመልሰናል ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ድሩ የሚያስረው አንበሳ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል፤ በግ የሆነ እንደ ሆነስ?

እኛ መተባበርንና መመሳጠርን የምንለይበት መስፈርት አንድ ነው። በተከሳሹና በጠበቃው ፊት፥ በተበዳዩም ፊት ድምፅን ሳይቀንሱ ሊናገሩት የሚቻል ነገር መተባበር ነው፤ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገረው መመሳጠር ነው። ዐቃቤ ሕግ ለመርማሪው የጐደለውን ማስረጃ በጽሑፍ ለይቶ ቢያመለክተው መተባበር ነው፤ የምስክሩ ቃል እንዴት እንዲስተካከል ቢነግረው ግን ወንጀል ነው። ፖሊስ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ስለ ቀጠሮው ቀን ቢጠይቅ መተባበር ነው፤ ዳኛውን ስለ ፍርዱ ውጤት ቢጠይቅ ግን ነውር ነው። የማረሚያ ቤት ኀላፊ ስለ ታራሚው ጠባይ ለፍርድ ቤት እውነቱን ቢያስታውቅ የሕግ ግዴታውን መፈጸሙ ነው። ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ታራሚ በአመክሮ የሚፈታው ከማረሚያ ቤቱ የሚመጣው አስተያየት ታይቶ ነውና፥ ያ አስተያየት በችኮላ ወይም በአድልዎ የተጻፈ እንደ ሆነ ዳኛው በጨለማ ይፈርዳል።

ስለ መተባበር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ወንበርም አለ፤ እርሱም የተከላካይ ጠበቃ ወንበር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል፥ ጠበቃ ለማቆም ዐቅም ባይኖረውና ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ደንግጓል። የፍትሕ አካላት ለጋራ ጉዳይ በተሰበሰቡ ጊዜ ይህ ወንበር ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ስብሰባው ጐደሎ ነው። የተከላካዩ ሥራ ፍትሕን ማሰናከል የሚመስለው ሰው ካለ ፍትሕን ከማሸነፍ ጋር ያደባለቀ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዕውቀት ነገር እንምጣ። መተባበር በፈቃድ ብቻ አይሆንም፤ የማያውቁትን ሰው ሥራ ማገዝ አይቻልምና። ቀድሞ ወኅኒ ቤት ይባል የነበረው ዛሬ ማረሚያ ቤት ይባላል። «ማረም» የተሳሳተን ማቅናት ነው፤ ገበሬው ግን ቃሉን ለሌላም ይጠቀምበታል፤ አረምን ከእህል ለይቶ መንቀል ማለት ነው። እህሉ ለጋ በሆነበት ጊዜ ስንዴና እንክርዳድ ይመሳሰላሉ። ዐይኑ ያልሠለጠነ አራሚ ገብቶ ቢደክም ስንዴውን ነቅሎ እንክርዳዱን ትቶ ይወጣል፤ በትጋቱ መጠንም ጥፋቱ ይበዛል። ቅን ልብ ያለው ግን ያልተማረ የፍትሕ ሠራተኛ እንዲህ ነው። ስለዚህ ለፍትሕ ሠራተኛ መማር ለዕድገት መሰላል ብቻ አይደለም፤ የኅሊና ግዴታ ነው። ባለማወቁ ሰው የሚጐዳ ከሆነ አለማወቁ ራሱ በደል ይሆናል።

ትምህርቱም ሦስት ዐይነት ሊሆን ይገባል። የመጀመሪያው የራስን ሥራ ጠንቅቆ መማር ነው። ሁለተኛው የጎረቤትን ሥራ መማር ነው። ሦስተኛው ሰውን መማር ነው፤ የሚፈራ ሰው እንዴት እንደሚናገር፥ ድኻ ለምን ከቀጠሮ እንደሚቀር፥ ቋንቋው የተለየ ሰው ምን እንደሚያመልጠው ማወቅ ነው። ከነዚህ መካከል በጣም የተረሳው ሁለተኛው ይመስለናል። መርማሪው ያሰባሰበው ማስረጃ በችሎት ላይ በጠበቃው ጥያቄ እንዴት እንደሚፈርስ ተቀምጦ አይቶ የሚያውቅ ከሆነ ሌላ ጊዜ የምስክሩን አድራሻ ሳይጽፍ አይነሣም። ዐቃቤ ሕጉ ከመርማሪው ጋር በሌሊት ወንጀል ወደ ተፈጸመበት ስፍራ ወጥቶ የሚያውቅ ከሆነ መዝገቡን ሲመልስ የሚያዝዘው የሚቻለውን ነው። ዳኛውም እስረኛው የሚተኛበትን ክፍል ያየ ከሆነ 14 ቀን ብሎ ሲጽፍ የሚጽፈው ቍጥር ብቻ አይሆንም።

ዘመኑ ያመጣው ነገርም ይህን ግድ ይላል። ዛሬ ብዙው ማስረጃ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958 የዚሁ ምልክት ነው። በስልክ ውስጥ ያለ አንድ መልእክት ከፖሊስ እጅ እስከ ዳኛ ፊት ሲደርስ በሁሉም እጅ ያልፋል። ፖሊሱ ስልኩን ሲይዝ ያላሸገው እንደ ሆነ፥ ዐቃቤ ሕጉ አመጣጡን ማስረዳት ያልቻለ እንደ ሆነ፥ ዳኛውም መመዘን ያቃተው እንደ ሆነ የአንዱ አለማወቅ የሁሉንም ድካም ያፈርሳል። እንዲህ ያለውን ነገር በየቤታችን ለየብቻ ተምረን አንዘልቀውም፤ በአንድ ክፍል ተቀምጠን ልንማረው ይገባል።

በዚህ በኩል መልካም ጅምር የለም አንልም። በ1999 ዓ.ም. ለፍትሕ አካላት ባለሙያዎች የሥልጠና ማዕከል በደንብ መቋቋሙ፥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. ማሻሻሉ፥ አንድ ዐይነት ጥፋት በየችሎቱ የተራራቀ ቅጣት እንዳያገኝ የተደረገ ጥረት ነው። በውጭው ዓለምም የተባበሩት መንግሥታት በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣውን የእስረኞች አያያዝ ደንብ በ2015 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ፥ ሃያ ሰባት ዓመት በታሰሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም ሰይሞታል። ደንቡ የእስር ቤት ሠራተኞች ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊትና በሥራ ላይም ሳሉ ሳያቋርጡ እንዲማሩ ያዛል። በኖርዌይ የማረሚያ ቤት መኰንን ለመሆን የሁለት ዓመት ትምህርት ይጠየቃል። ቍልፍ ለማዞር ሁለት ዓመት አያስፈልግም፤ ሰውን ለማቅናት ግን ይህም የሚበዛ አይደለም።

ነገር ግን ሥልጠና ሁሉ ትምህርት እንዳልሆነ በግልጽ እንናገር። ለውሎ አበል ተብሎ የሚኬድበት ሥልጠና አለ። በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት ይሰጥበታል፤ ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሠራተኛው ግን ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ እንደ ትናንቱ ይሠራል። የጋራ መድረክ ተብሎ የሚደረግ ስብሰባም አለ። ሁሉም የየመሥሪያ ቤቱን ክንውን በመቶኛ ያነብባል፥ ሻይ ይጠጣል፥ ቃለ ጕባኤ ይፈረማል። የቀን ሠራተኛው መዝገብ ለምን ያን ያህል ወር እንደ ፈጀ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ከእንዲህ ያለው ስብሰባ ይልቅ በየሦስት ወሩ ተከሳሹ በነጻ የተለቀቀበትን አንድ መዝገብ አውጥቶ፥ ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን ለመማር፥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አብሮ ማንበብ ይበልጥ ይጠቅማል።

መለኪያውም መታረም ይገባዋል። አንድ መሥሪያ ቤት የሚመሰገነው በዘጋው መዝገብ ብዛት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ሰኔ 30 በቀረበ ቍጥር መዝገብ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው መደርደሪያ ይሸሻል። ለአንዱ የተዘጋው ለሌላው የተከፈተ ነው። ስለዚህ በየመዝገቡ ፊት አንድ የቀን መቍጠሪያ ወረቀት ቢታሰር፥ ሰውየው ከተያዘበት ቀን ጀምሮ መዝገቡን የተቀበለ ሁሉ የተቀበለበትንና ያስረከበበትን ቀን ቢጽፍበት መልካም ነው እንላለን። ያ ወረቀት በመጨረሻ የሚያሳየው የፖሊስን ወይም የዐቃቤ ሕግን ቀን ሳይሆን የሰውየውን ቀን ነው። ድሮ የቁራኛው ሰንሰለት ይሠራ የነበረውን ሥራ፥ ይኸውም ሰውን አለመርሳትን፥ ያለ ሰንሰለት ይሠራልናል።

«ደመወዝ አይበቃም፤ መኪና የለም፤ ወረቀት አልቋል፤ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሦስት ሰው ሥራ ተከምሯል» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ መንግሥትም ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። ዳሩ ግን ሁሉ ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚዛወር መርማሪ ለተተኪው ግማሽ ገጽ ማስታወሻ መተዉ፥ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን በ14ኛው ቀን ሳይሆን በ2ኛው ቀን መግለጡ፥ መፈቻ የጻፈ ሠራተኛ ዐርብ ማታ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ወደ ማረሚያ ቤቱ ስልክ መደወሉ በጀት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በወረቀቱ ጀርባ ያለውን ሰው ማሰብ ብቻ ነው።

በሀገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ቆመው የሚያዳምጡበት ልማድ ነበረ። መንገደኛው ጠመንጃም ሹመትም አልነበረውም። ያቆማቸው ሕግ አንድ ፊት፥ አንድ ቃል፥ አንድ ባለቤት አለው የሚለው እምነት ነው። የሕግ ሠራተኞች በየቢሯችን ተለያይተን ባለጉዳዩን ስናመላልሰው የምናፈርሰው ይህን እምነት ነው፤ ስንተባበርና ስንማር ደግሞ የምንሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ መዝገብ የሚገልጥ ሠራተኛ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ይህ ሰው ወደ እኔ የመጣው ከየት ነው? ከእኔስ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? ሁለቱን መመለስ የቻለ እንደ ሆነ ድርሻውን ሠርቷል፤ ያልቻለ እንደ ሆነ ግን ብዕሩን አስቀምጦ የሚቀጥለውን ባልደረባውን ይጠይቅ።